«ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ፣ ይሏታል ጅግራ»

ጅግራ መሬት ለመሬት እየሮጠች እህልና ነፍሳት የምትለቅም፣ ሥጋዋ የሚወደድ የዱር ወፍ ናት። አሞራ ግን ጥንብ ላይ ታርፋለች። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንዳይበሉ የከለከላቸው አዕዋፍም ከንስር ጀምሮ ብዙዎቹ የእርሷ ወገን ናቸው። አባባሉ የተነሣው ከዚህ ልዩነት ነው፤ አሞራ መብላት ያማረው ሰው ወፏን መለወጥ ስለማይችል ስሟን ይለውጣል።

ብዙ ጊዜ የምንተርተው ለተበዳይ ስንቆረቆር ነው። ሊባረር የታሰበ ሠራተኛ አስቀድሞ «አድመኛ» የሚል ስም ሲወጣለት፣ ለምሳሌ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን በላተኛው ነው። ቁልፉ «ያሰቧትን» በምትለው ቃል ውስጥ አለ፤ ሐሳቡ ቀደመ፣ ስሙ ተከተለ። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ሲያስተምር ተገድዶ ወይም ሳያውቅ ያጠፋን ሰው በፈቃዱ ካጠፋው ለይቶታል። ከሩቅ አይቶ ጅግራ የመሰለችው ሰው «ተሳሳትኩ» ቢል ያስኬዳል። ለመብላት ቆርጦ ስም ያወጣላት ሰው ግን ምን ይላል? አሞራ መሆኗን ባያውቅ ኖሮ ሌላ ስም ለምን አስፈለገው?

አሰካኩም ያስደንቀኛል። አማርኛ ግሱን ማሳረጊያ ላይ ስለሚያስቀምጥ ወጉ «ጅግራ ይሏታል» ነበር። ቤት እንዲመታ ተገለበጠና ውሸቷ መጨረሻ ላይ ወደቀች። አድራጊዎቹ ደግሞ ስም የላቸውም፤ «እነርሱ» ናቸው። (እስቲ ማን «እኔ ነኝ ስሟን የለወጥኩት» ሲል ተሰምቶ ያውቃል?)

ካናዳ የተወለደው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ሰዎች ከኅሊና ወቀሳ የሚያመልጡባቸውን ስምንት መንገዶች ሲዘረዝር፣ ክፉን ሥራ በለሰለሰ ስም መጥራት አንዱ ነበር። ናዚዎች በሰነዶቻቸው ግድያን «ልዩ አያያዝ» ይሉት ነበር። እንዲህ የተጻፈ ወረቀት ላይ ገዳይም ሟችም አይታይም።

ነገሩ እዚያ ድረስ ሳይደርስም በየኪሳችን አለ። ጉቦ «ምስጋና» ይባላል፤ ሐሜት «ለእርሱ አስቤ ነው» ይባላል። እኔም አንድ ጊዜ የጋራ ገንዘብ በእጄ ሳለ ጥቂት አንሥቼ ለግል ጉዳዬ አዋልኩ። ማታ ደብተሩን ገልጬ ከቁጥሩ ጎን «ብድር» ብዬ ጻፍኩ። አበዳሪ አልነበረም፤ የጠየቅሁትም ሰው የለም። «ብ»ን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶው ለአፍታ እንደቆመ ትዝ ይለኛል። ገንዘቡን በወሩ መለስኩ። ቃሉን ግን አልሰረዝኩትም።