የእንግዴ ልጅሽ «ዝቅ ብሏል» ስትባዪ የምትሰሚው ሁሉ እውነት አይደለም

በ20ኛው ሳምንቴ አልትራሳውንድ ያየኝ ልጅ ሆዴ ላይ ያለውን ጄል እንድጠርግ ሶፍት እየሰጠኝ «ፕላሴንታው ዝቅ ብሏል፣ በ32 ሳምንት ድገሚ» አለኝና ቀጣዩዋን ጠራ፣ በቃ ይሄው ነው። ጅማ ከአጂፕ ሰፈር እስከ ቤቴ ባጃጅ ውስጥ ስልኬን እየነካካሁ ስለ ደም መፍሰስ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩና ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤት ደሞ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ እና አቦሉ ላይ «እቃ አንስተሽ ነው የወረደው» ተባልኩ፣ ቶናው ላይ «የምታሽ ሴት አለች፣ ወደ ቦታው ትመልስልሻለች»፣ በረካው ላይ «በቃ አንቺ ኦፕራሲዮን ነሽ» ተብሎ ተፈረደብኝ። ሁሉም ለኔ አስበው ነው፣ ግን ሶስቱም ልክ አልነበሩም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ከዛ በኋላ ግን በየቀጠሮው ጥያቄ በወረቀት ጽፌ እየሄድኩ ሐኪሞቹንም ሚድዋይፎቹንም አሰልችቼ የሰበሰብኩትን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ነገርየው ምንድነው። የእንግዴ ልጅ (ፕላሴንታ) ማለት ለልጁ ምግብና ኦክስጅን የሚያደርሰው፣ የማህፀን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አካል ነው። ብዙ ጊዜ ላይኛው ክፍል ወይ ጎን ላይ ይይዛል፣ አንዳንዴ ግን ታች ወደ ማህፀን በር ጠጋ ብሎ ይይዛል። ጠርዙ ከማህፀን በር በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ግን በሩን ካልነካ «ሎው ላይንግ» ይሉታል፣ በሩን ከሸፈነ ደሞ «ፕሪቪያ» ነው። ወረቀትሽ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ጠይቂ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በነገራችን ላይ ወረቀቱ ላይ «አንቴሪየር» ወይ «ፖስቴሪየር» የሚል አይታ የደነገጠች ጓደኛ አለችኝ፣ እሱ ከፊት ነው ከኋላ ነው የያዘው ማለት ብቻ ነው፣ ዝቅ ከማለት ጋር ግንኙነት የለውም።

«ጀሪካን አንስተሽ ነው የወረደው»

አልወረደም! ይሄን ሶስቴ አስምሩበት። የእንግዴ ልጅ ከላይ ተነስቶ ታች የሚወድቅ ነገር አይደለም፣ ጽንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የያዘበት ቦታ ነው። ውሃ ቀድተሽ፣ ባጃጅ አንገራግጮሽ፣ ደረጃ ወጥተሽ ወይ ከባልሽ ጋር ተጣልተሽ አይደለም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው «ማህፀን መውረድ» ከሚባለው ይመስለኛል፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ የማህፀን መያዣ ጡንቻዎች ሲላሉ የሚመጣ፣ ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ዝቅ ብሎ የመያዝ እድሉን ከፍ የሚያደርጉት ነገሮች ይታወቃሉ፦ በፊት በኦፕራሲዮን መውለድ፣ ማህፀን ተጠርጎ ማወቅ፣ መንታ ማርገዝ፣ እድሜ ከ35 ማለፍ፣ ሲጋራ፣ ከዚህ በፊት ፕሪቪያ የነበረ ከሆነ። ከነዚህ አንዱም ሳይኖርባት የሚገጥማትም ብዙ ናት፣ እኔ አንዱም አልነበረብኝም። ስለዚህ አማቶች ሆይ ምራታችሁን ተዉአት።

«20 ሳምንት ላይ ዝቅ ካለ ኦፕራሲዮን ነው»

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር። እውነታው ግን በእርግዝና አጋማሽ ዝቅ ብሏል ከተባሉ 10 ሴቶች ውስጥ ወደ 9ኙ መውለጃቸው ሲደርስ ከበሩ ርቆ ይገኛል። እንዴት አትሉም፣ እየተራመደ አይደለም። አንዷ ሚድዋይፍ በለበሰችው ሹራብ ነው ያስረዳችኝ፣ አንገቱ አጠገብ ያለች ቁልፍ ይዛ ሹራቡን ለጠጥ ስታደርገው ቁልፏ ከተሰፋችበት ሳትነቀል ከአንገቱ ራቀች፣ ማህፀንም ታችኛው ክፍሉ በመጨረሻዎቹ ወራት እንደዛ ይለጠጣል፣ የእንግዴ ልጁ እዛው የያዘበት ሆኖ ከበሩ ይርቃል። ለዛ ነው 32 ሳምንት አካባቢ ድገሚ የሚሉት፣ ያኔም ካልራቀ 36 ሳምንት ገደማ እንደገና ያዩታል። እስከመጨረሻው በሩን ሸፍኖ የሚቀረው ከ200 ወሊድ በ1 ገደማ ነው። ግን እዚህ ጋ ላታልላችሁ አልፈልግም፣ በሩን አልፎ በደንብ የሸፈነ ከሆነ ወይ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ የመራቅ እድሉ ይቀንሳል። በተለይ የድሮው የኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ ከያዘ አንዳንዴ ስር ሰዶ ማህፀኑ ውስጥ ጠልቆ ይጣበቃል፣ ይሄ ከባድ ነው፣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፣ ስለዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ያለሽ ሴት «ጠባሳው ላይ ነው ወይ የያዘው» ብለሽ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። ሁለተኛውን አልትራሳውንድ በፍጹም እንዳትተዪው፣ «አሁን ደህና ነኝ ገንዘብ ለምን አወጣለሁ» ብለሽ ከዘለልሽው ራቀ አልራቀ በምን ታውቂያለሽ?

«የምታሽ ሴት ታቃናዋለች»

አታቃናውም። የእንግዴ ልጁ በደም ስሮች ተሰፍቶ የተለጠፈ ነገር ነው፣ ከውጭ በእጅ ተገፍቶ ቦታ አይቀይርም፣ ሊሆን የሚችለው መላቀቅና መድማት ብቻ ነው። የምታሸው ሴት እጇ የተባረከ፣ ስንቱን ወገብ ያቃናች ልትሆን ትችላለች፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ቅጠል ተወቅጦ የሚጠጣውም ያው ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ አንዳንዱ ማህፀንን ያኮማትራል። አንዲት ጎረቤታችን እማማ ግን ያዘዙልኝ አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ እንዳደርግ ነው፣ «ወደላይ ይስበዋል» ብለው። እሺ አልኳቸው፣ ቅቤ ማንንም አልጎዳም፣ ጸጉሬም ተጠቀመ።

«አልጋ ላይ ተኝተሽ እስክትወልጂ እንዳትንቀሳቀሺ»

ደም ካልፈሰሰሽ ቀኑን ሙሉ መተኛት የእንግዴ ልጁን እንደማያርቀው ነው የነገሩኝ፣ እንደውም ለወራት መጋደም እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ጡንቻም ያደክማል። ቀስ ብሎ መራመድ፣ ቀላል የቤት ስራ ችግር የለውም። የሚከለከለው ከባድ እቃ ማንሳትና አድካሚ ስራ ነው። ግንኙነትም በሩን ከሸፈነ ወይ ደም ታይቶሽ ከሆነ ይቀራል፣ ሎው ላይንግ ብቻ ከሆነ ደሞ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ አፍረሽ ዝም አትበዪ። ባልየውን ይዛችሁት ብትገቡ ጥሩ ነው፣ ከሐኪሙ አፍ ሲሰማ ይገባዋል።

«ካላመመሽ ችግር የለም»

አሁን ወደ ዋናው መጣን፣ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይሄን አንብቡ። እኛ ሀገር ህመም ከሌለ በሽታ የለም ብለን ነው ያደግነው፣ ደም ሲያዩም «ትንሽ ነው፣ አላመመኝም፣ ነገ እሄዳለሁ» ይባላል። የፕሪቪያ ደም ግን ባህሪው ይሄው ነው፣ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ህመም ደማቅ ቀይ ሆኖ ድንገት ይመጣል፣ ከእንቅልፍሽ ስትነቂ አንሶላው ላይ ልታገኚው ትችያለሽ። የመጀመሪያው ጊዜ ትንሽ ፈሶ በራሱ ቀጥ ሊል ይችላል፣ እና ሰው የሚታለለው እዛ ላይ ነው፣ ቀጣዩ ብዙ ሊሆን ይችላላ። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን፣ ቢቆምም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የጅማ ዝናብ እየወረደም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ከህመም ጋር ሆድሽ ድንጋይ ሆኖ ከደማሽ ደሞ የእንግዴ ልጁ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሩጫ ነው።

እኔ ቤት ያደረግነው ይሄ ነው፦ ማታ የሚሰራ የባጃጅ ልጅ ስልክ ተያዘ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ፣ የአልትራሳውንድ ወረቀትና የክትትል ካርዴ አንድ ፌስታል ውስጥ በር ጋ ተሰቀለ፣ የደም አይነቴ ታወቀ፣ ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ደም ለመስጠት ቃል ገቡ። ደም ባንክ ሁሌ የሚበቃ ደም አይኖረውም፣ ስትደሚ ሰው ከማሯሯጥ በፊት ማሰቡ ይሻላል። ለከተማው ሰው ቅርብ ነው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከልም አለ ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም አለ፣ ጭንቁ ለገጠሩ ነው። ከአጋሮ እንኳ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአጋሮ ወዲያ ከገጠር ቀበሌ የምትመጣዋን አስቡት። የእንግዴ ልጇ በሩን እንደሸፈነ የተነገራት የገጠር ሴት መጨረሻው ወር ሳይደርስ ከተማ ዘመድ ቤት ብትገባ ወይ የእናቶች ማቆያ ካለ እዛ ብትቆይ ነው የሚሻለው፣ ግን ማቆያው ኦፕራሲዮን የሚሰራበትና ደም ያለበት ሆስፒታል አጠገብ መሆን አለበት፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ያለው ለዚህ አይበቃም።

እና ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ የምትይው ቃል «የእንግዴ ልጄ ዝቅ ብሏል ተብያለሁ» ነው። ለምን መሰለሽ፣ ሳያውቁ በጣት የማህፀን በር ከመረመሩሽ ደሙን ሊያባብሰው ይችላል፣ ቦታው በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ በጣት መመርመር የለበትም። ተረኛው ተጣድፎ ይሆናል፣ ካርድሽን አላነበበ ይሆናል፣ አንቺ ተናገሪ፣ አንቺ ካቃተሽ ያመጣሽ ሰው ይናገር።

«በታች የሚገባው አልትራሳውንድ ልጁን ይጎዳል»

በጣት አትመርመሪ ካልኩ በኋላ ይሄ ግራ ያጋባል፣ እኔም እምቢ ብዬ ነበር። ግን ቀጭኗ መሳሪያ ወደ ማህፀን በሩ ውስጥ አትገባም፣ ከሱ በታች ነው የምትቆመው፣ ርቀቱን ደሞ ከሆድ ላይ ከሚታየው በጣም በተሻለ ትለካለች። ከሆድ ላይ ሲታይ ሽንት በጣም ተይዞ ከሆነ የሞላው ፊኛ ማህፀኑን ተጭኖት ዝቅ ያላለውን ዝቅ ያለ ሊያስመስል ሁሉ ይችላል። በሰለጠነ ሰው እጅ ከሆነ ፕሪቪያ ላለባትም ችግር የለውም።

«ቀይ ስር ጠጪ፣ ደም ይተካል» እና የቡናው ነገር

ቀይ ስር ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም፣ ጥሩ አትክልት ነው፣ ፎሌት አለው፣ አይረኑ ግን ትንሽ ነው። ሊደማ ይችላል የተባለ ሰው ሄሞግሎቢኑ ሞልቶ ቢጠብቅ ነው የሚሻለው፣ ለዛ ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ዋጪ፣ ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጪ። ስጋ ከተገኘ ስጋ፣ ካልሆነ ምስር፣ ጎመን፣ ብርቱካን ወይ ሎሚ ጨምረሽበት። ቡና የእንግዴ ልጁን አይነካውም፣ ግን ከምግብ ጋር ወይ ከክኒኑ ጋር ሲጠጣ አይረኑን ሰውነት እንዳይቀበለው ያደርጋል፣ እና የጅማን ሰው ቡና ተው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኔ ከበላሁ ከሰዓት በላይ ቆይቼ አቦሉን ብቻ እጠጣ ነበር፣ ቶናና በረካውን ለነሱ። ጫትን ግን ለአቦልም አይሆንም፣ ለልጁ ክብደት ጥሩ አይደለም፣ እርግዝና ላይ ይቁም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የደም አይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነና ደም ከፈሰሰሽ ሾተላይ የሚከላከለው መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። ብዙ ቦታ ከውጭ ግዢ ስለሚባል የት እንደሚገኝ ከአሁኑ አጠያይቂ።

«በኦፕራሲዮን የወለደች አምጣ አልወለደችም»

ይሄ የቡና ወሬ ነው ግን ይጎዳል። በሩን የሸፈነ የእንግዴ ልጅ እያለ ምጥ መጠበቅ ማለት በሩ ሲከፈት ከልጁ በፊት ደሙ ይመጣል ማለት ነው፣ ሌላ አማራጭ የለውም። ለዛ ነው ደም ባይኖርም ከ36 እስከ 37 ሳምንት ባለው ቀን ቆርጠው ኦፕራሲዮን የሚሰሩት፣ ደም ካስቸገረ ከዛም ቀደም ብሎ፣ ለልጁ ሳንባ የሚረዳ መርፌም ሊያዝዙ ይችላሉ። ጠርዙ ከ2 ሳንቲ በላይ ከራቀ በምጥ መውለድ ይቻላል፣ ከ1 እስከ 2 መካከል ከሆነም ሐኪሙ አይቶ ሊያስሞክር ይችላል። ቤት መውለድ ግን በየትኛውም አይታሰብም፣ ታችኛው የማህፀን ክፍል እንደላይኛው በደንብ ስለማይጨመቅ ከወሊድ በኋላም መድማት አለ።

የኔ በ32 ሳምንት ሲታይ 3 ሳንቲ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ እማማ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እያነሱ ምን ያህል እንደራቀ እንኳ ሳይጠይቁኝ «አላልኩሽም፣ ቅቤው ነው» አሉኝ።