ኮልካታ በካሜራ ዓይን፦ ስለ ከተማዋ ቅርሶችና የዕለት ኑሮ ፎቶግራፎች አጠቃላይ ዳሰሳ

በምሥራቅ ሕንድ በሁግሊ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ኮልካታ እስከ 2001 ድረስ በይፋ ካልካታ ትባል የነበረች፣ እስከ 1911ም የብሪታንያ ሕንድ መዲና ሆና የቆየች ከተማ ናት (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቿ በ1690 የመጣው እንግሊዛዊው ነጋዴ ጆብ ቻርኖክ ነው ሲባል ቢኖርም፣ የከተማዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2003 ይህን አባባል ውድቅ አድርጎታል። ከተማዋ በእስያ ፎቶግራፍ ቀድሞ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዷ መሆኗ ግን የሚያከራክር አይደለም።

ዳጌሮታይፕ የተባለው ቀደምት ፎቶ የማንሳት ጥበብ በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ በሆነ በዓመቱ ካሜራ በካልካታ ለሽያጭ እንደቀረበ የሚገልጽ ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። በ1851 አካባቢ ፍሬደሪክ ፊቢግ የከተማዋን ሕንፃዎችና ጎዳናዎች አንስቶ ሥዕሎቹን በእጅ ቀለም ቀብቷቸዋል፤ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1856 የቤንጋል ፎቶግራፍ ማኅበር ተቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ የነበሩት ታላቁ ቤንጋላዊ ሊቅ ራጄንድራላል ሚትራ አውሮፓውያን የኢንዲጎ (ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበት ተክል) እርሻ ባለቤቶች በገበሬው ላይ ያደርሱት የነበረውን በደል በአደባባይ በመንቀፋቸው ከማኅበሩ ተወገዱ። የከተማዋ የፎቶግራፍ ታሪክ ሲነሳ ይህ መዘለል የለበትም፤ ማን ያነሳል፣ ማንስ ይነሳል የሚለው ጥያቄ እዚያ የተጀመረው ከጥበቡ ጋር አብሮ ነውና።

እንግሊዛዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሳሙኤል ቦርን በ1863 ሕንድ ሲደርስ የነበረው አሠራር አድካሚ ነበር። አንሺው መስታወቱ ላይ ኮሎዲዮን የተባለውን ፈሳሽ አፍስሶ፣ ብር ባለበት ውሁድ ውስጥ ነክሮ፣ ሳይደርቅ ሥዕሉን ማንሳትና እዚያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ ማጠብ ነበረበት፤ በሞቃት አገር ደግሞ መስታወቱ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ቦርን ከቻርልስ ሼፐርድ ጋር በስማቸው የመሠረቱት ፎቶ ቤት በካልካታ ቅርንጫፍ ከፍቶ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። በዓለም ላይ ሳይቋረጡ ከሠሩት ፎቶ ቤቶች ሁሉ አንጋፋው ነው የሚሉ አሉ፤ የተመሠረተበት ዓመት በተለያየ መንገድ ስለሚነገር ነገሩን በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል። በ1991 የደረሰው ቃጠሎ አብዛኛውን ክምችት አመድ አደረገው፣ ፎቶ ቤቱም በ2016 ተዘጋ።

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ ያነሳው ሱኒል ጃና፣ ቀጥሎም ራጉቢር ሲንግና ራጉ ራይ ይጠቀሳሉ።

ዛሬ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ቪክቶሪያ መታሰቢያ ነው። በ1921 የተከፈተው ይህ ሕንፃ የተሠራው ከማክራና በመጣ ነጭ እብነ በረድ በመሆኑ በቀትር ፀሐይ ዓይን ያስጨንቃል፤ መልኩ የሚወጣው በጠዋት ወይም በጀንበር ጥልቂያ ነው። በ1943 ለአገልግሎት የበቃው የሃውራ ድልድይ 26,500 ቶን ብረት ፈጅቶ በብሎን ሳይሆን በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚገጥም የብረት ምስማር) የተገጣጠመ ነው። በድልድዩ ላይ ቆሞ ማንሳት የተከለከለ ነው ሲባል ስለኖረ የሚመረጠው ከሥሩ ካለው የሙሊክ ጋት የአበባ ገበያ ማንሳት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ሸካሞች የቢጫና የብርቱካንማ አበባ ጉንጉን ክምር በራሳቸው ተሸክመው በጭቃው መሐል ሲያልፉ ድልድዩ ከኋላቸው በጭጋጉ ውስጥ ይታያል። እብነ በረድ ቤተ መንግሥት በሚባለው መኖሪያ ውስጥ ግን ማንሳት ክልክል ነው።

የመንገዱ ሥዕል እየተለወጠ ነው። በ1873 በፈረስ ተጀምረው በ1902 ወደ ኤሌክትሪክ የተሸጋገሩት ትራሞች ተመናምነዋል፤ ቢጫ ታክሲ ሆኖ የሚታወቀው አምባሳደር መኪናም በ2014 መመረቱ ቆሟል። በእጅ የሚጎተተውን ሪክሾ የሚያነሳ ሰው ጎታቹን አስቀድሞ ሊያስፈቅድ ይገባል፤ እየሠራ ያለው እንጀራውን ለማግኘት ነውና።

ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ የዚያኑ ያህልም የሚክሰው፣ የአማልክት ምስል ከጭቃ የሚሠሩ ጠቢባን ሰፈር ኩማርቱሊ ነው። ዱርጋ የተባለችው የሂንዱ እንስት አምላክ ለምትከበርበት ለዱርጋ ፑጃ በዓል ሠሪዎቹ የቀርከሃ አፅም ያቆማሉ፣ ገለባ ጠቅልለው በገመድ ያስሩታል፣ በላዩ ጭቃ ይለስናሉ፤ ጭቃው ሲደርቅ የተሰነጠቀውን በቀጭን ጭቃ በተነከረ ጨርቅ ይሸፍናሉ፣ ከዚያም ቀለም ይቀባሉ። የእንስት አምላኳ ዓይን የሚሣለው በመጨረሻ ነው፤ በዚያች ሰዓት ጠቢቡ ትንፋሹን ውጦ ብሩሹን ስለሚያሳርፍ ፎቶ አንሺው ብልጭታ መብራት ሊጠቀም አይገባም። ዩኔስኮ በዓሉን በ2021 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በበዓሉ ፍጻሜ ምስሎቹ ወንዝ ውስጥ ይጣላሉ፤ በማግሥቱ በባቡጋት ወደብ ጭቃው ታጥቦላቸው በገለባቸው ብቻ የቀሩትን አፅሞች ሠራተኞች ከውኃው እየጎተቱ ያወጧቸዋል።