«የልጆች ጨዋታ ነው» ይሉታል፦ ስለ ካናዳ የጁኒየር አይስ ሆኪ ሊግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቶሮንቶ፣ ካልጋሪና ኤድመንተን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። እዚያ አይስ ሆኪን ሸሽቶ መኖር አይቻልም። ልጆች ወሬውን ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። የሥራ ባልደረባም ሰኞ ጠዋት የሚያወራው እሱን ነው። ስለ ትልቁ ሊግ፣ ስለ ኤንኤችኤል፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያውቃል። ከሱ በታች ስላለው የወጣቶች ሊግ፣ ጁኒየር ስለሚባለው ግን፣ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

እኔ ይህን ውድድር ከልቤ እወደዋለሁ። የኤንኤችኤል መጠበቂያ ክፍል አድርገው ሲያዩት ያመኛል፤ የራሱ ዋንጫ፣ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ እንባ ያለው ውድድር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች እስቲ አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የልጆች ጨዋታ ነው»

ዕድሜያቸውን ካየን አዎ፣ አብዛኞቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት ናቸው። የሚሸከሙት ግን የአዋቂ ውድድር ነው። በኦንታሪዮ ሊግ አንድ ክለብ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች 68 ጨዋታ ያደርጋል፤ 34 በሜዳው፣ 34 ከሜዳው ውጭ። ይሄ ጥሎ ማለፉን ሳይጨምር ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ በዓመት የሚጫወተው የሊግ ጨዋታ 38 መሆኑን አስቡ።

አንድ የሳምንት መጨረሻ እንይ። ዓርብ ማታ በሜዳቸው ይጫወታሉ። ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍረው ሌላ ከተማ፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ሌላ። በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ ብርቅ አይደለም። ማታ ሲመለሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ የቤት ሥራቸውን አውቶቡስ ውስጥ ይጨርሳሉ፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል መግባት አለባቸው። በምዕራቡ ሊግ ደግሞ ርቀቱ ራሱ ፈተና ነው። የቪክቶሪያ ክለብ የሚገኘው ደሴት ላይ ስለሆነ፣ ከሜዳው ውጭ ለመጫወት መጀመሪያ በመርከብ ባሕሩን መሻገር አለበት።

ጨዋታውም ቢሆን ቀልድ አይደለም። አንድ ተጫዋች ባንድ ጊዜ በረዶው ላይ የሚቆየው ወደ 45 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ፣ አጥሩን ዘሎ ወንበሩ ላይ ይወድቃል። ጓደኛው በሱ ቦታ ዘሎ ይገባል። ጨዋታው ለቅያሪ አይቆምም።

«ከወላጅና ከመልማይ በቀር ማን ያየዋል?»

በኦንታሪዮዋ ለንደን ከተማ፣ የእንግሊዟ አይደለችም፣ የለንደን ናይትስ ሜዳ 9 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። አዘውትሮም ይሞላል። በትንንሾቹ ከተሞች ደግሞ የክረምቱ ትልቁ የከተማ ጉዳይ ክለቡ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ። በየዓመቱ በገና ሰሞን ብዙ ክለቦች የአሻንጉሊት ድብ ምሽት ያዘጋጃሉ። ተመልካቹ አሻንጉሊት ይዞ ይገባል። የባለሜዳው ቡድን የመጀመሪያውን ጎል ሲያስቆጥር ከየአቅጣጫው የአሻንጉሊት ዝናብ ይወርዳል። በረዶው አይታይም። ተጫዋቾቹ መሀሉ ላይ እየተንከባለሉ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተባብሮ ይለቅመዋል። አሻንጉሊቶቹ ወደ ሆስፒታልና ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሄዳሉ። ካልጋሪ ሂትመን በ2015 ባንድ ምሽት 28,815 አሻንጉሊት ሰብስቧል። ካልጋሪ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሆኪ ሕግ ማወቅ አያስፈልግም።

«ጁኒየር ማለት አንድ ሊግ ነው»

ከላይ ያለው የካናዳ ሆኪ ሊግ በውስጡ ሦስት ሊጎች አሉት፦ የኦንታሪዮ፣ የምዕራብ እና የኩቤክና የባሕር ዳርቻ አውራጃዎች። በአጠቃላይ 60 ያህል ክለቦች ናቸው። ስሙ የካናዳ ይሁን እንጂ አሜሪካኖችም አሉበት። ኢሪ፣ ሳጊኖውና ፍሊንት በኦንታሪዮ ሊግ ይጫወታሉ። የምዕራቡ ሊግ ደግሞ በዋሽንግተንና በኦሪገን ክለቦች አሉት።

ከነዚህ በታች ጁኒየር ኤ የሚባል ደረጃ አለ፤ እሱ ሌላ ነው። ኤፕሪል 6 ቀን 2018 ወደ ጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲሄድ አውቶቡሱ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ 16 ሰዎች ያለቁበት ሃምቦልት ብሮንኮስ የዚህ ደረጃ ክለብ ነበር። ያን ሰሞን በመላ ካናዳ ሰው ለሐዘኑ የሆኪ ዱላ በደጁ አቁሞ ነበር። ልጁን በዚያ መንገድ ለሚልክ ወላጅ ዜናው ምን ማለት እንደነበረ መናገር አያስፈልግም።

በየዓመቱ ከዲሴምበር 26 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታየው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮናም ከሊጉ ጋር ይምታታል። እሱ የብሔራዊ ቡድኖች ነው። ክለቦቹ ግን ዋጋ ይከፍሉበታል፤ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ምርጥ ልጆቻቸውን ይለቃሉ።

«ልጁ የሚወደውን ክለብ ይመርጣል»

ክለቡ ነው ልጁን የሚመርጠው። በኦንታሪዮ ክለቦች በየተራ ስም እየጠሩ፣ በዚያ ዓመት 16 የሚሞላቸውን ልጆች ይመርጣሉ። የብራምፕተን ልጅ በሰሜን ሱድበሪ ሊደርሰው ይችላል። ከዚያ ሻንጣ ነው።

የት ይኖራል? እዚህ ላይ ነው ሊጉን ከልብ እንድወደው የሚያደርገኝ ነገር ያለው። ከከተማው ነዋሪ ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ልጁን ተቀብሎ እንደ ልጁ ያኖረዋል። የራሱ ክፍል ይሰጠዋል፣ ከጨዋታ በፊት ፓስታውን ይቀቅልለታል፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወስደዋል። የቤቱ ትንንሽ ልጆች ወንድም ያገኛሉ። ክለቡ ለወጪው የተወሰነ ድጎማ ይሰጣል፤ ግን በዚያ ገንዘብ ብሎ በር የሚከፍት ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጁን ዘመድ ቤት ልኮ ማስተማር ለለመደው ለኛ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

ከባድ ጎንም አለው። በጃንዋሪ መጀመሪያ የዝውውር ጊዜው ሊዘጋ ሲል ክለቦች ተጫዋች ይለዋወጣሉ። ዋንጫ የሚፈልገው ዕድሜያቸው የገፋውን ይሰበስባል፣ ወደፊት የሚያስበው ታናናሾቹን ይወስዳል። ለ18 ዓመት ልጅ በዓመቱ መሀል ክለብም፣ ከተማም፣ ቤተሰብም ባንድ ቀን ይቀየርበታል። ስለዚህኛው የሊጉ አሠራር እስካሁን ልቤ አላረፈም።

«የተሸነፈ ባዶ እጁን ይሄዳል»

ሁልጊዜ አይደለም። ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል። በመደበኛው 60 ደቂቃ እኩል ሆነው በጭማሪ ሰዓት ወይም በፍፁም ቅጣት ምት የተሸነፈ ግን 1 ነጥብ ይይዛል። በአቻ የሚያልቅ ጨዋታ የለም። ሰንጠረዡን ስታዩ ሽንፈት ከአንድ በላይ ዓምድ ላይ የሚጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

«ጥሎ ማለፍ ነው፤ አንድ መጥፎ ቀን ካጋጠመህ አለቀ»

እንደ እግር ኳሱ ዋንጫ በአንድ ምሽት የሚወሰን አይደለም። በኦንታሪዮ ከ20 ክለቦች 16ቱ ያልፋሉ። ከዚያ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። አራት ዙር ነው፤ ስለዚህ ሻምፒዮን ለመሆን 16 ጊዜ ማሸነፍ ግድ ነው። ለንደን ናይትስ በ2025 ይህን ሁሉ ሲያልፍ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህም የመጨረሻው አይደለም። የሦስቱ ሊጎች ሻምፒዮኖችና አንድ አዘጋጅ ክለብ በሜይ መጨረሻ ለሜሞሪያል ካፕ ይገናኛሉ። ዋንጫው በ1919 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ የተበረከተ ነው። ብዙዎቹ ሟቾች ዕድሜያቸው ከተጫዋቾቹ ብዙ አይርቅም ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይመጣል፦ «አዘጋጁ ለማሟያ ነው የሚገባው» ይባላል። የዊንዘር ስፒትፋየርስን የ2017 ታሪክ ልንገራችሁ። ዊንዘር በሊጉ ጥሎ ማለፍ የመጀመሪያ ዙር ላይ ለንደንን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 እየመራ ነበር። ከዚያ ሦስቱንም ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፎ ወደቀ። አዘጋጅ በመሆኑ ብቻ ግን የሜሞሪያል ካፕ ቦታው አልተነካም። ልጆቹ 44 ቀን አንድም የውድድር ጨዋታ ሳያደርጉ ልምምድ ብቻ ሲሠሩ ከረሙ። ሌሎች ሲጫወቱ በቴሌቪዥን አዩ። «ከመጀመሪያ ዙር የወደቀ ቡድን እዚያ ምን ይሠራል?» የሚለውንም ሰምተዋል። ውድድሩ ሲጀመር በምድቡ ሦስቱንም ሻምፒዮኖች አሸነፉ። በፍጻሜው የራሳቸውን ሊግ ሻምፒዮን ኢሪ ኦተርስን 4 ለ 3 ረትተው ዋንጫውን አነሱ። ሳጊኖውም በ2024 በአዘጋጅነት ገብቶ፣ በሊጉ ያሸነፈውን ለንደንን በፍጻሜው 4 ለ 3 አሸንፎ ወስዷል።

ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ፣ ሻምፒዮን ለሆነው ክለብ ከባድ ነው። ግን ዕረፍት ላይ የከረመ ቡድን ከጨዋታ ሙቀት ከመጣ ቡድን ጋር ሲገናኝ ያለውን ፈተናም አትርሱ። ለንደን በ2025 ተመልሶ መጥቶ የምዕራቡን ሊግ ሻምፒዮን ሜዲሲን ሃት ታይገርስን በፍጻሜው 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያለፈው ዓመት ሽንፈት በነዚያ ልጆች ልብ ውስጥ ምን እንደሠራ ማየት ደስ ይላል።

«ዱላ ይዘው መደባደብ ነው»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንል ሰዎች ነን፤ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ግለት እንዳለው እናውቃለን። በሆኪ ሰውነት ለሰውነት መጋጨት በሕግ የተፈቀደ ነው። ቡጢ ግን ያስቀጣል፣ ቅጣቱም እየከበደ መጥቷል። የኩቤኩ ሊግ ከ2023 ጀምሮ የተደባደበን ከጨዋታው ያባርራል። በኦንታሪዮም ደጋግሞ የሚደባደብ ይታገዳል። ጥበቃውም ተጠናክሯል። በ2023 አዳም ጆንሰን የተባለ ተጫዋች እንግሊዝ ውስጥ አንገቱ በበረዶ ጫማ ስለት ተቆርጦ ከሞተ በኋላ የምዕራቡ ሊግም የአንገት መከላከያን ግዴታ አድርጓል።

«የነጮች ጨዋታ ነው፣ ለኛ ልጆች አይሆንም»

ዊሊ ኦሪ በ1958 በኤንኤችኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ጁኒየር ሲጫወት ፓክ፣ ማለት የሚጫወቱበት ጠፍጣፋ ጎማ፣ መትቶት አንድ ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር፤ ይህን ደብቆ ነው እዚያ የደረሰው። ጃሮም ኢጊንላ ከናይጄሪያዊ አባት ኤድመንተን ተወለደ። ከካምሉፕስ ብሌዘርስ ጋር በ1994 እና በ1995 ሜሞሪያል ካፕ ወሰደ፤ በኋላም በኤንኤችኤል 625 ጎል አስቆጠረ። የቶሮንቶው ፒኬ ሱባን በቤልቪል፣ ኩዊንተን ባይፊልድ በሱድበሪ ጁኒየር ክለብ ተጫውተው አድገዋል። ባይፊልድ በ2020 የኤንኤችኤል ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ሁለተኛ ሆኖ ተጠርቷል።

ዘረኝነት የለም አልልም፤ አለ። ወጪውም እውነት ነው፦ ጫማው፣ መከላከያው፣ የበረዶ ሜዳ ኪራዩ ለቤተሰብ ይከብዳል። ግን ይህ ልጁ ሕፃን ሳለ የሚመጣ ወጪ ነው። ከላይኛው ጁኒየር ሲደርስ ዕቃውን ክለቡ ይችላል።

«ኤንኤችኤል መረጠው ማለት ገባ ማለት ነው»

በየዓመቱ 224 ያህል ወጣቶች ይመረጣሉ። ከጁኒየር የተመረጡት አብዛኞቹ ወደ ክለባቸው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ጥቂት የኤንኤችኤል ጨዋታ ይሞክርና ይመለሳል፤ ከ10 በታች ከተጫወተ የውሉ የመጀመሪያ ዓመት አይቆጠርበትም።

«አንድ ዓመት ከተጎዳ አበቃለት» የሚለውም ልክ አይደለም። የኢሪው ማቲው ሼፈር በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አንገቱንና ትከሻውን የሚያገናኘውን አጥንት ሰብሮ በ2024–25 ለክለቡ የተጫወተው 17 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2025 ምርጫ ግን ከሁሉ ቀድሞ የተጠራው እሱ ነው።

«ጁኒየር የገባ ትምህርቱን አቃጠለ»

ወላጆች በጣም የሚፈሩት ይሄን ነው። እውነታው፣ በሊጉ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ዓመት የኮሌጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይሸፈንለታል። ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ፕሮፌሽናል ውል ከፈረመ ሊቀር ይችላል፣ ትምህርቱን የሚጀምርበት የጊዜ ገደብም አለ። ከመፈረም በፊት ውሉን ቁጭ ብሎ ማንበብ የወላጅ ድርሻ ነው።

ትልቁ ለውጥ ደግሞ ይኸውላችሁ። ለብዙ ዘመን በካናዳ ሆኪ ሊግ የተጫወተ ልጅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በሆነው ኤንሲኤኤ መጫወት አይችልም ነበር፤ እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠር ነበር። ቤተሰብ በ16 ዓመት ልጅ ላይ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት ነበረበት። በኖቬምበር 2024 ይህ ሕግ በድምፅ ተሻረ፣ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የሜዲሲን ሃቱ ኮከብ ጋቪን ማኬና ወደ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ስለዚህ ከ2025 በፊት የሰማችሁት ምክር፣ ከማንም ይምጣ፣ ጊዜው አልፎበታልና እንደገና ጠይቁ።