የእናት ሆድ ዥንጉርጉር፦ መጽሐፍና ሙዚቃ የማያስማማቸው ወንድምና እህቶች

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር።» ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ ግሥ እንኳ አላስፈለጋትም። አንዱ ልጅ ዝምተኛ፣ ሌላው ለፍላፊ ሲሆን ትባላለች። አንዷ ቀይ፣ ሌላዋ ጠይም ስትሆንም ትባላለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምትሰማው ከልጆቹ አንዱ ሲያጠፋ ነው። «ያን የመሰለ ልጅ በወጣበት ቤት ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ይባላል። ራስ ይነቀነቅና ተረቷ ትከተላለች። ከዚያ ወሬው ያልቃል።

እኔ ግን ወሬው እዚያ ጋ ማለቁ ይቆጨኛል።

ዥንጉርጉር የምንለው አንድ ወጥ ቀለም የሌለውን ነው። የነብር ቆዳ፣ የጅግራ ላባ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት ላም። ሆድ ደግሞ እዚህ ላይ ማህፀን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተረቷ ዥንጉርጉር ያለችው ልጆቹን አይደለም። ሆዱን ነው። ጥቁሩም ነጩም ነጠብጣብ የዚያው የአንዱ ቆዳ ነው። እንዲህ ካየነው ከመስመር የወጣ ልጅ የሚባል ነገር የለም፤ ሲጀመርም መስመሩ አንድ አልነበረም። ሰው አንዱን ልጅ ለመኮነን ሲጠቀምባት ተረቷን ገልብጦ እየያዛት ነው ባይ ነኝ።

ተረትና ምሳሌዎቻችን እርስ በርስ መከራከር ይወዳሉ። «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» ይላል አንዱ። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይላል ሌላው። ሁለቱም ልጅን በወላጅ ይለካሉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ተነስታ ሁለቱንም ታፈርሳለች። እናቷን ብታይ የምታውቀው አንዷን ልጅ ነው፤ ሌሎቹ ገና አልታዩም!

ምስሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 13 ላይ ነብር ዥንጉርጉርነቱን መለወጥ እንደማይችል ተጽፏል። ሐሳቡ ራሱ ደግሞ በዘፍጥረት ምዕራፍ 25 አለ። ርብቃ መንታ አረገዘች። ልጆቹ ገና ሳይወለዱ ይገፋፉ ጀመር። ዔሳው ጠጉራም፣ አዳኝ፣ የበረሃ ሰው ሆነ። ያዕቆብ ድንኳን የማይለቅ ጭምት ሆነ። አባት አንዱን ወደደ፣ እናት ሌላውን። መንታ እንዲህ ከሆነ ተከታትሎ የተወለደው ምን ይገርማል?

ሳይንሱም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ፕሎሚን እና ዴኒዝ ዳንየልስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ቤት ልጆች ለምን እንዲህ እንደሚለያዩ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ቀላል ነው፤ አንድ ቤት ለሁሉም ልጆች አንድ ቤት አይደለም። የበኩሩ ወላጆችና የመጨረሻው ልጅ ወላጆች ሰዎቹ ያው ሆነው ነገራቸው ሌላ ነው። ይሄን ለማወቅ ታናሽ ወይም ታላቅ መሆን ይበቃል።

ስለዚህች ተረት ሳስብ ግን ከሁሉም ቀድመው የሚመጡብኝ ሁለት እህትማማቾች ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች። ታላቋ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. ተወለደች፣ ታናሿ የውብዳር በ1916። ሁለቱም ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሁለቱም ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን ያለችውን የአዚናራን ደሴት አዩ። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ስደት። የወጣው ሰው ግን ለየቅል። ስንዱ የቃል ሰው ሆነች። «የልቤ መጽሐፍ»ን ጻፈች፣ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተማሪዎቿን በቴአትር አስተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። የውብዳር መነኮሰች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባለች፣ ፒያኖዋን ይዛ ዝም አለች። የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ታተመ። የመጨረሻ ዘመኗን ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ አሳለፈች።

አንዷ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆማ ትናገራለች። ሌላዋ ቃል እንኳ የሌለው ዜማ ትጫወታለች። የእማሆይን ፒያኖ ስሰማ አንድ ሰው ለብቻው ሲያወራ ያዳመጥኩ ይመስለኛል። ይጀምራል፣ ያመነታል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ተመልሶ ያንኑ ይላል። ምቱን ልቁጠር ብትሉ ያመልጣችኋል። ግን የትም አይጠፋም። ዛሬም ማታ ማታ ከዚህ ሌላ የምመርጠው ሙዚቃ የለኝም።

እዚህ ላይ ወንድሜ ቢኖር ኖሮ «እንቅልፍ የሚያስወስድ ነገር» ይል ነበር።

የኛም ቤት ዥንጉርጉር ነው። ታላቅ እህቴ የወንጀል ልብ ወለድ ነፍሷ ነው። የምትጀምረው ግን ከመጨረሻው ገጽ ነው። «ገዳዩን ሳላውቅ እንዴት ተረጋግቼ አነባለሁ?» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ልብ ወለድ የሚባል ነገር አይነካም፤ «የተፈጠረ ወሬ» ነው ለሱ። ታሪክና ግለ ታሪክ ብቻ። እርሳስ ይዞ ነው የሚያነበው፤ ገጹ ጠርዝ ላይ ከደራሲው ጋር ይጣላል። «እዚህ ጋ ዋሸህ።» «ቅድም ሌላ ነበር ያልከው።» እኔ ደግሞ ምንም የማይፈጠርበት ወፍራም መጽሐፍ እወዳለሁ። ሰውዬው መስኮት ከፍቶ እስኪዘጋ ሦስት ገጽ የሚፈጅ ዓይነት። ሁለቱም በዚህ ይስቁብኛል።

በሙዚቃማ ጭራሽ አንገናኝም። ወንድሜ ራፕ ነው፣ ያውም ድምፁን ለቆ። እህቴ የፍቅር ዘፈን ነች፤ ግጥሙን አሳስታ በሙሉ ልብ ትዘፍናለች። ብታርሟት «የኔው ይሻላል» ትላለች፤ አንዳንዴ እውነቷን ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። የወንድሜን ዘፈኖች ሳልወዳቸው በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ስንት ዓመት በግድግዳ በኩል ሰማኋቸዋ! ሌላ ቦታ ስሰማቸው እጄ ለማጥፋት አይሄድም። ከማላውቀው ሰው ስልክ ሲወጡ ደግሞ ሰውዬውን ሰላም ልበለው ልበለው ይለኛል። የታሪክ መጽሐፍም ቢሆን ለብቻው ሲሰጠኝ ይደክመኛል፤ ወንድሜ በእርሳስ የተጣላበትን ግን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ደራሲውን ትቼ የሱን ጠብ ነው የምከታተለው። እኛ የመረጥነውን ጓደኛም የትዳር አጋርም ያውቀዋል። ሳንመርጠው በግድግዳ የገባውን የሚያውቁት ግን ወንድምና እህት ብቻ ናቸው። ዥንጉርጉር ሆነን አንድ ቆዳ ላይ ያለነው በዚህ ይመስለኛል።

ስለ አጠቃቀሟ አንድ ነገር ልበል። ማን እንደሚላት ይለያል። እናት ስትላት ሳቅ አለበት፤ ሆዷ የራሷ ነውና መብቷ ነው። ጎረቤት ሲላት ሐሜት ትሆናለች፤ ስድቡም ከልጁ አልፎ እናቲቱን ይነካል። የሌላ ሰው ልጅን ፊት ለፊት ከወንድሙ ጋር እያነጻጸሩ መናገሩ ደግሞ ነውር ነው። ወንድምና እህት እርስ በርስ ሲባባሏት ግን ያምርባታል። እኛ ቤት የዘፈን ተራ ላይ ስንጨቃጨቅ የማስታረቂያ ቃል ነበረች፤ እሷ ከተባለች በኋላ ሁሉም የየራሱን ተራ ያገኛል።

ሰሞኑን እህቴ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ላከችልኝ። «ይሄን ካልወደድሽ እኔ እህትሽ አይደለሁም» የሚል ወረቀት አብሮ ነበር። ሳላስበው መሐሉ ደርሻለሁ፣ ይዞኛል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን በስልክ ነግራኛለች።