ከፒስተን በታች ያለው ግፊት፦ በፈጣን መኪኖች ሞተር ውስጥ የጋዝ አወጣጥ

በሲሊንደር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ ሁልጊዜ በውስጡ በሚመላለሰው ፒስተን ዙሪያ ባሉት ፋሻዎች (የብረት ቀለበቶች) በኩል ሾልኮ፣ የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙረት የሚለውጠው ክራንክሻፍት ወደሚሽከረከርበት ክፍል ይወርዳል። አዲስ ፋሻም ይህን ፈጽሞ አያስቀርም፤ ጫፎቹ በሙቀት ሲለጠጡ እንዳይጋጩ የሚተውላቸው ክፍተት ራሱ መሹለኪያ ነው። የሚወርደው ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ የውሃ እንፋሎትና አሲድ የሚፈጥሩ ውህዶች ስላሉት ዘይቱን ያበላሻል። መውጫ ሲያጣ ደግሞ ግፊቱ ዘይት ማገጃ ጎማዎችን አልፎ ዘይት ያፈሳል፤ ሲብስም የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከቦታው ያስፈነጥራል።

ቀድሞ መፍትሔው ከሞተሩ ወደ መሬት የሚወርድ ክፍት ቱቦ ነበር። መኪናው ሲሮጥ በቱቦው አፍ የሚያልፈው ንፋስ ጋዙን ይስበዋል፤ ሲቆም ስበቱም ይቆማል። የአየር ብክለት ባስጨነቃት ካሊፎርኒያ ግን ከእ.ኤ.አ. 1961 ሞዴል ጀምሮ ጋዙን ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ መልሶ የሚያስገባ ቫልቭ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ይገጠም ጀመር።

ይህ ቫልቭ ለተራ መኪና በቂ ነው። ችግሩ የሚሠራው በአየር ማስገቢያው ውስጥ ባለው ስበት፣ ማለትም ከውጭው አየር ባነሰ ግፊት፣ መሆኑ ነው። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ስበቱ ይጠፋል፣ የሚሾልከው ጋዝ ደግሞ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ባለው ሞተር ነገሩ ይከፋል፤ ቫልቩ በደንብ ካልዘጋ ቱርቦው የጨመቀው አየር ወደ ክራንክሻፍቱ ክፍል ይገባል። ስለዚህ ለሙሉ ጉልበት ሁለተኛ መስመር ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ጋዙ ከቱርቦው በፊት ወዳለው የአየር ቱቦ ይወሰዳል። በዚያ የሚያልፈው የዘይት ጉም ኢንተርኩለሩን (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) ይለብሳል፣ ከነዳጁ ጋር ሲቃጠልም ሞተሩ ያለጊዜው በሚፈጠር ፍንዳታ እንዲያንኳኳ ያደርጋል። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው ሞተሮች የማስገቢያ ቫልቮቹን ጀርባ የሚያጥብ ቤንዚን ስለሌለ ዘይቱ እዚያው ወደ ካርቦን ቅርፊት ይለወጣል።

ዘይቱን ከጋዙ ለይቶ የሚያስቀር የዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ በመስመሩ ላይ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ገዢዎች የሚያዩት ውጫዊ ውበቱን ቢሆንም ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ነው፤ ጉሙ የሚጋጭበት ወንፊት ወይም ግድግዳ የሌለው ባዶ ጣሳ አብዛኛውን ዘይት ያሳልፈዋል። በብርድ ወቅት ከሥሩ የሚቀዳው ዘይትና ውሃ የተቀላቀለበት፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ወተት መሰል ቡናማ ፈሳሽ ነው። ቱቦውም ሰፊ መሆን አለበት፤ ፈሳሽ የሚያቁር እጥፋትም ሊኖረው አይገባም።

የውድድር ሞተሮች ግፊቱን ከማስተንፈስ አልፈው ክፍሉን ከከባቢ አየር በታች ያወርዱታል። አንዳንዶች በቀበቶ የሚዞር የአየር መሳቢያ ፓምፕ ይገጥማሉ፤ ዘይቱን በውጭ ጋን በሚያኖሩ ሞተሮች ደግሞ ዘይት መላሾቹ ፓምፖች አየሩንም አብረው ይስባሉ። በዚህም ፋሻዎቹ የተሻለ ይገጥማሉ፣ የውጥረት ኃይላቸው አነስተኛ የሆኑ ፋሻዎችን መጠቀምም ስለሚቻል ሰበቃ ይቀንሳል፤ ይህ የጉልበት ትርፍ ነው። ገደብ ግን አለው። ስበቱ ወደ 15 ኢንች ሜርኩሪ (የከባቢ አየር ግፊት ግማሽ ገደማ) ሲጠጋና ሲያልፍ ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ፒን የሚያለሰልሰው የዘይት ጉም ሊሳሳ ይችላል። ዘይት ከውስጥ እንዳይወጣ የተሠሩ ማገጃ ጎማዎችም ከውጭ አየርና አቧራ ሊያስገቡ ይችላሉ። ስለዚህ የተወሰነ ስበት ላይ ሲደርስ ተከፍቶ አየር የሚያስገባ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይጨመራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ግፊት በመለኪያ ማየት ይገባል። ንባቡ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ እያለ ከሄደና ቱቦዎቹ ካልተደፈኑ ያለቀው ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ ያን ጊዜ ሰፊ ቱቦ መግጠም ጉዳቱን ከመሸፈን አያልፍም።