ወጡን ሳትቀምስ የሠራችልን ልጅ

ፍልሰታ ገብቷል። ክረምት ስለሆነ ልጆቹ ቤት ናቸው፤ አስተማሪ ነኝና እኔም ቤት ነኝ። ባለፈው ረቡዕ ምሳ በስድስት ሰዓት ተኩል ቀረበ። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ትንሽ ድንች። ባለቤቴ ማዕዱን ባረከ፤ በስመ አብ ብለን ጀመርን። ገና ሁለቴ ሳልጎርስ ምስሩ ጨው እንደሌለው አወቅኩ። ወደ ጓዳ ዞሬ፣ "ኧረ ይሄ ወጥ ጨው የለውም! ስትሠሪ አትቀምሺውም እንዴ?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር።

"ጾም ነኝ እኮ፣ እትዬ" አለችኝ።

እኛ ካቶሊኮች ነን፤ ሠራተኛችን ግን ኦርቶዶክስ ናት። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። እኛ ቤት ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን እንጂ ሰዓት አንጠብቅም። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ምስር ስታማስል፣ ምጣድ ላይ ቆማ እንጀራ ስትጋግር ነው ያረፈደችው። ያን ሁሉ ሠርታ ወጡን በምላሷ ጫፍ እንኳ አልነካችውም። እኛ ደግሞ በልተን ስለ ጨው እናማርራለን። እጄ መሶቡ ላይ ቀረ።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ አባ ስለ ቅዱስ ቁርባን ሰብከው ነበር። የጠቀሱትን ጥቅስ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥33። "ስለዚህ፥ ወንድሞቼ ሆይ፥ ለመብላት በተሰበሰባችሁ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ።" እሑድ ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር። ረቡዕ ምሳ ላይ ግን አመመኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ምዕራፍ በደንብ እናውቀዋለን። "ሳይገባው የሚበላ" የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ቁርባን ለሚዘጋጁ ልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ስንሰማው ቶሎ ትዝ የሚለን ያልተናዘዝነው ኃጢአት ነው። ልክ ነው፤ ከባድ ኃጢአት ያለበት ሰው ሳይናዘዝ እንዳይቀርብ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ግን ቅዱስ ጳውሎስን ያን ያህል ያስቆጣው ምን ነበር? እስቲ ከቁጥር 20 ጀምራችሁ አንብቡት። የማዕድ ነገር ነው። የቆሮንቶስ ምእመናን ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ አብረው ይበሉ ነበር። ያለው ሰው የራሱን ይዞ ይመጣል፤ ሌላውን ሳይጠብቅ ይበላል። ምንም የሌለው ቆሞ ያያል። "አንዱም ይራባል አንዱም ይሰክራል" ይላል ሐዋርያው። "አንዳችም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን?" ብሎም ይጠይቃል።

የጌታን ሥጋ አለመለየት የሚለው አስፈሪ ቃል የመጣው በዚህ ወቀሳ መሐል ነው። እኔ ይህን ለብዙ ዓመት ነጥዬ ነው ያነበብኩት። አጠገቡ ያለው ወንድሙ መራቡን ሳያይ የጌታን እንጀራ የሚቀበል ሰው፣ የተቀበለው የማንን ሥጋ እንደሆነ ገና አልገባውም። መድኃኒቱን ደግሞ እዩት። ጳውሎስ ረጅም ሥርዓት አላወጣም። "ተጠባበቁ" አለ። ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ሆድ እየጮኸ፣ ያልመጣውን ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ቤተሰብን "የቤት ቤተ ክርስቲያን" ብሎ ጠርቶታል። ይህን ቃል በሠርግም በጉባኤም እንወደዋለን። ታዲያ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ጓዳ ውስጥ ያለችው ማን ናት? ማታ መቁጠሪያ ስንደግም እሷ ዕቃ ታጥባለች። "የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ" እንላለን፤ የዕለት እንጀራችንን የምትጋግረው እሷ ናት። "እንጀራዬን" በሉ አላለንም ጌታ። ማዕድ አንስታ፣ እጅ አስታጥባ፣ እኛ ቡና ስንጠጣ የተረፈውን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። ይህ የሚሆነው ከቅዳሴ በተመለሱ፣ ሥጋ ወደሙን በተቀበሉ ሰዎች ቤት ነው። በእኔም ቤት ሆኗል። ብዙ ጊዜ።

እህቴ ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርታለች። አሠሪዎቿ ክርስቲያኖች ነበሩ። እሑድ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በር ተቆልፎባት ትቀር ነበር። ስትደውል እናታችን ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች። እኔም "እነዚህ ሰዎች ግን ክርስትናቸው የት አለ?" እል ነበር። ያን ስናገር እናታችን ቤት ጓዳ ውስጥ የሰው ልጅ ቆማ ነበር። ከገጠር የመጣች፣ የእሷም እናት ስልክ የምትጠብቅ። አላየኋትም።

አንዲት ቅድስት አለች፤ በጣም እወዳታለሁ። ቅድስት ዚታ ትባላለች፤ የቤት ሠራተኞች ጠባቂ ናት። ኢጣሊያ ውስጥ ሉካ በምትባል ከተማ በ12 ዓመቷ አንድ ሀብታም ቤት ተቀጠረች። እዚያው ቤት 48 ዓመት አገልግላ እ.ኤ.አ. በ1272 አረፈች። ገዳም አልገባችም፤ የተቀደሰችው ምድጃ አጠገብ ነው። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1696 ቅድስናዋን አወጀች። አፅሟ እስከ ዛሬ እዚያው ሉካ፣ ቅዱስ ፍሬድያኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። ስለ እሷ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ዳቦ በምትጋግርበት ቀን ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ተመስጣ ትዘገያለች። ደንግጣ እየሮጠች ስትመለስ ዳቦው ተዘጋጅቶ ታገኘዋለች፤ መላእክት ሠርተውላት ነበር ይባላል። መላእክቱ ማዕድ ቤት ገብተው ሊጥ ሲነኩ ይታያችሁ። እኛ እኮ ለአንድ እሑድ ጠዋት አንተካትም!

ሦስተኛው ትእዛዝ ሎሌህና ገረድህም እንዳንተ ይረፉ ይላል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ሠራተኛችሁ ካቶሊክ ከሆነች እሑድ ታስቀድስ። ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ብትሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ትሂድ፤ ሙስሊም ከሆነች ሶላቷን በሰላም ትስገድ። እንግዳ አለብን ብላችሁ አታስቀሯት። እንግዳው ሽሮ ቢበላ አይሞትም።

አንቺ ደግሞ ይህን በሰው ቤት፣ በሪያድ ወይም በቤይሩት ወይም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ማታ ሥራ ጨርሰሽ የምታነቢው እኅቴ፦ ብቻሽን የበላሽውን እያንዳንዱን ጉርሻ ጌታ ያውቀዋል። እሱ ራሱ ወገቡን ታጥቆ የሰው እግር አጥቧል። አንቺ ያለሽበትን ቦታ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅኳት። "ምንም አይደል" አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። እስከ ፍልሰታ ፍቺ ምሳችን በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን፣ እሷም አብራን እንድትበላ ወሰንን። ሐሙስ ዕለት ስንጠራት ሳህኗን ይዛ ጓዳ ገባች። ዓርብም ገባች። አላስገደድናትም፤ የስንት ዓመት ልማድ በሁለት ቀን አይለቅም። ሰኞ መሶቡ አጠገብ በርጩማ ስቤ አስቀመጥኩላት። መጥታ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ትንሽ በላች። ባለቤቴ ሲጸልይ በራሷ ሥርዓት አማተበች።

አሁን ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምንጾም ወጥ የሚቀምስ ሰው ጠፋ። ትንሹ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ገና አይጾምም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጓዳ ትጠራዋለች። በማንኪያ ትሰጠዋለች፤ ያጣጥምና "ትንሽ ጨው ጨምሪ" ይላታል።