የሥራ አጥነት ቁጥር ወረደ ሲባል

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በየወሩ የሚወጣው የሥራ አጥነት ቁጥር ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ሥራ የሌለው ሁሉ ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም። በጥቅሉ፣ ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ የፈለገና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ነው የሚቆጠረው። ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመ ሰው ከስሌቱ ይወጣል። ስለዚህ አንድም ሰው ሳይቀጠር መቶኛው ሊወርድ ይችላል! እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በሳምንቱ 1 ሰዓት ብቻ በክፍያ የሠራም ሥራ እንዳለው ይቆጠራል።

በግላቸው ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችንስ? የሥራ አጥነት ቁጥሩ የሚወጣበት፣ ቤተሰቦችን በመጠየቅ የሚሠራው የቤተሰብ ጥናት ያካትታቸዋል። የአሠሪዎች ጥናት ግን የደመወዝ መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ስለሚቆጥር አያያቸውም።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋም ቁጥሩ ይዋዥቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ የወቅት መዋዠቅ ማስተካከያ ያልተደረገበትን ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽሩት።